የቅዳሜ ውይይታችን፦ የቅድመ አያት ዕዳ

ውድ የንባብ ክበባችን አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ የተለመደው ቦታችን እንገናኛለን። መጽሐፋችን ኦክታቪያ በትለር እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመችው «ኪንድረድ» ነው።

ዳና በ1976 ካሊፎርኒያ የምትኖር ጥቁር ደራሲ ናት። ድንገት ወደ ባርነት ዘመኗ ሜሪላንድ ትወሰዳለች። እዚያ ከሞት የምታድነው ሩፈስ የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ነው። የራሷም ቅድመ አያት ነው! የዘር ሐረጓን የምትቀጥለው ልጅ ሳትወለድ እሱ ከሞተ፣ ዳናም አትኖርም። ስለዚህ ደጋግማ ታድነዋለች። አድጎ ሰው ሲሸጥም እንኳ። በዳይና ተበዳይ በአንድ ሰው ደም ውስጥ ሲገናኙ ዕዳው የማን ነው? ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሳነብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። የዛሬ የጣሊያን ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ ማንንም አልገደለም። በእሱ ላይ ጣት መቀሰር አልፈልግም። ግን እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመ። ያንን ያቆሙት የዛሬ ሰዎች ናቸው። ለእኔ ኃላፊነቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የማትስማሙ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቅዳሜ በደንብ ሞግቱኝ።

መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ያልጨረሳችሁም ኑ፣ ታሪኩን መጀመሪያ ላይ እተርክላችኋለሁ። ከቤተሰባችሁ ስለዚያ ዘመን የሰማችሁት ካለ ይዛችሁ ኑ። ኮፒው ያለው ሰው ለጎረቤቱ ያውስ።