የባዮሎጂና ኮምፒውተር ክበብ፦ ፕሮቲንን በክብደቱ ስንፈልግ የከረምንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ አሥራ ሦስት አባላት ነበሩት፤ የሞለኪውሎችን ክብደት የሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር ግን አልነበረውም። መሣሪያው የትምህርት ቤት ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ለሁሉም ክፍት ያደረጉትን የእርሾ ፕሮቲኖች ልኬት ከኢንተርኔት አወረድን፤ ፕሮቲኖቹ የተገነቡባቸውን የአሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ደግሞ ዩኒፕሮት ከተባለው የመረጃ ቋት ወሰድን።

የመጀመሪያው ወር በወረቀትና በእርሳስ አለፈ። ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ፕሮቲንን ላይሲንና አርጂኒን ከተባሉት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ይቆርጣል፤ ተማሪዎቹም በእርሳስ ቆረጡ። ቀጥሎ የቁራጩን ክብደት መደመር ነው (የፊዚክስ መምህራን «መጠነ ቁስ በል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ)። ለምሳሌ አምስት አሚኖ አሲዶች ያሉት አንድ ቁራጭ፦ ሴሪን 87.032፣ አላኒን 71.037፣ ግላይሲን 57.021፣ ግሉታሚክ አሲድ 129.043፣ ላይሲን 128.095፤ የውሃው 18.011 ሲታከልበት 490.239 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ይሆናል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሴሪንንና ግላይሲንን አቀያይራ ደመረችና «መምህር፣ ድምሩ ያው ነው እኮ!» አለች። ልክ ናት። ቅደም ተከተሉን የሚያሳየው ቁራጩ መሣሪያው ውስጥ እንደገና ሲሰባበር የስብርባሪዎቹ ክብደት ነው። ሉሲንና አይሶሉሲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ግን እኩል ስለሚመዝኑ በዚህም አይለዩም፤ ሁለት ስብሰባ በዚሁ ክርክር አልቋል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ፕሮግራሙን በፓይተን ጻፉ። ክብደታቸው የሚገጥም ቁራጮችን ከቋቱ ያወጣል፣ ስብርባሪዎቻቸውን ያሰላል፣ ከተለካው ጋር አመሳክሮ ነጥብ ይሰጣል፤ ሲክዌስት የተባለው ፕሮግራም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 የሄደበት መንገድ ነው። ሁሉም ልኬት ስም አገኘ! ልጆቹ ጮቤ ረገጡ፤ እኔ ግን ተጠራጠርሁ። ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውን ይመርጣል፤ ክፍሉ በሙሉ ቢወድቅም አንደኛ የሚወጣ አይጠፋም።

ይህን ለመፈተን የእያንዳንዱን ፕሮቲን ቅደም ተከተል ከኋላ ወደ ፊት ገልብጠን ሐሰተኛ መዝገብ ሠራንና ከእውነተኛው ጋር ቀላቀልነው። ፕሮግራሙ ከሐሰተኛውም ያለ ሐፍረት ይመርጥ ጀመር። ከሐሰተኛው የተመረጠው ሁሉ ስሕተት ነው፤ ከእውነተኛው በተመረጡት መካከልም በግምት ያንኑ ያህል ስሕተት ተደብቋል ማለት ነው። የማለፊያውን ነጥብ ስሕተቱ ከመቶ አንድ እስኪሆን ከፍ ስናደርገው ዝርዝሩ ክፉኛ አጠረ። ሁለት አባላት ለሳምንት አኮረፉኝ።

ስም አልባ ሆነው ከቀሩት ልኬቶች ጥቂቶቹ የተፈቱት አንድ አባል ኬራቲን የተባለውን የሰው ቆዳና ፀጉር ፕሮቲን በመዝገቡ ላይ ሲጨምር ነው። እርሾ ኬራቲን የለውም፤ ከሰው ቆዳ ወይም ፀጉር ወደ ናሙናው የገባ ይመስላል። መዝገቡ ላይ ያልሰፈረን ፕሮቲን ፕሮግራሙ ሊጠራው አይችልም።

ለሚቀጥለው ዓመት ሜቲዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ኦክስጅን ሲይዝ የሚጨምረውን 15.995 ዳልተን በፍለጋው ለማካተት አቅደናል። ሥራው ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ቅዳሜም እንዲሰጠን ጠይቀናል።