የ12 ዶላሩ ብልቃጣችሁ ርካሽ አይደለም፤ የእናቴን ገንዘብ መልሱ

ይድረስ ለሽያጭና ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ሰላም ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከቨርጂኒያ ነው። እናቴ «ሽፈራው፣ እርድና ጥቁር አዝሙድ» እያላችሁ የምትሸጡትን ካፕሱል ሦስት ብልቃጥ ከእናንተ አዝዛ ነበር። ስደውል «ለኃላፊው እንነግርልሻለን» ትላላችሁ፣ በቴሌግራም ስጽፍ ደግሞ አንብባችሁ ዝም። እንግዲያው እንዲህ በጽሑፍ ይሁን።

ከሁሉ በፊት የስልኩ ጉዳይ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ ሜትፎርሚንና ግሊፒዛይድ ትወስዳለች። ይህን ለስልክ ሠራተኛችሁ ነግራዋለች። እሱ ምን አላት? «እማማ፣ ይሄን ከጀመሩ ያንን ክኒን ቀስ እያሉ መተው ይችላሉ።» ስፒከር ላይ ስለነበር እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውዬው ሐኪም ነው? ፋርማሲስት ነው? ሽፈራውም ጥቁር አዝሙድም የደም ስኳር ዝቅ ሊያደርጉ እንደሚችሉ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፣ እሺ፣ ግን ይሄ እኮ መድኃኒት ለማቆም ፈቃድ አይደለም። እንደውም ግሊፒዛይድ በራሱ ስኳርን ከልክ በላይ ሊጥል የሚችል መድኃኒት ስለሆነ፣ ሌላ ስኳር የሚቀንስ ነገር ሲደረብበት ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ እርድ በክኒን መልክ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። ሠራተኛችሁ ሌላ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ እንኳን አልጠየቃትም። የጠየቃት የካርድ ቁጥሯን ነው።

ብልቃጡ ላይ በእንግሊዝኛ፣ በጉንዳን ፊደል፣ «ይህ ምርት በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስም ሆነ ለመከላከል የታሰበ አይደለም» ብላችሁ ጽፋችኋል። ሕጉ ስለሚያስገድዳችሁ ነው። በአማርኛው ቪዲዮ ላይ ግን «ስኳርን ከሥሩ ነቅሎ ይጥላል፣ ኩላሊት ያጥባል፣ ግፊት ያወርዳል» ነው የምትሉት። ለኤፍዲኤ፣ ለአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ አንድ ወሬ፣ ለእናቶቻችን ሌላ ወሬ! እንግሊዝኛውን የማያነቡትን ሰዎች ለይታችሁ ነው የምታወሩት፣ እኔን ያበሸቀኝም በዋናነት ይሄ ነው።

«በኤፍዲኤ የጸደቀ» የምትሉትንም አውርዱት። ኤፍዲኤ እንዲህ ያለውን ምርት ከገበያ በፊት መርምሮ አያጸድቅም። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ምርቱ ደህና መሆኑንና ሌብሉ እውነት መናገሩን የማረጋገጥ ኃላፊነቱ የእናንተው የሻጮቹ ነው። ፋብሪካችሁ ኤፍዲኤ ዘንድ ተመዝግቦ ከሆነ መልካም፣ መመዝገብ ግን መጽደቅ አይደለም። ክዳኑ አጠገብ ያለችው ወርቃማ ማኅተምስ የማን ናት? «ጥራቱ በላብራቶሪ የተረጋገጠ» ትላለች፣ የላብራቶሪው ስም የለም። እንደ ዩኤስፒ ወይም ኤንኤስኤፍ ያለ ገለልተኛ ተቋም ያረጋገጠው ምርት የተቋሙ ምልክት ይኖርበታል፣ ገብቶም ከዝርዝራቸው ላይ መፈለግ ይቻላል። የእናንተዋ ማኅተም ከኢንተርኔት የወረደች ነው የምትመስለው።

ወደ ዋጋው ልምጣ። «በ12 ዶላር ብቻ፣ የአንድ ወር» ነው ማስታወቂያው። ብልቃጡ 60 ካፕሱል ይይዛል። ጀርባው ላይ አንድ ሰርቪንግ፣ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ማለት ነው፣ ሦስት ካፕሱል ነው ይላል፣ 1,500 ሚሊግራም። ከዚያ ዝቅ ብሎ «በቀን ሁለት ጊዜ ይውሰዱ» ይላል። በቀን ስድስት ማለት ነው! 60ን ለ6 አካፍሉት፣ አሥር ቀን። ስለዚህ ወሩ 12 ዶላር ሳይሆን 36 ዶላር ነው፣ ያውም ማድረሻው ሳይጨመር። ታዲያ ለ36 ዶላር የምታገኘው ስንት ነው? አንዱ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ዱቄት 30 ግራም ነው፣ ሦስቱ ተደምረው 90 ግራም። ኤክስትራክት፣ ከተክሉ ተጣርቶ የወጣ ጭማቂ፣ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር፣ ሌብላችሁ ግን ራሱ «ዱቄት» ነው የሚለው። በዚህ ገንዘብ ከሐበሻ ሱቅ ሦስቱንም በግማሽ ኪሎ በግማሽ ኪሎ ገዝቼ መልስ የምቀበል ይመስለኛል። ርካሽ መስሎ የሚታየው የብልቃጡ ዋጋ ስለሆነ ነው፣ በግራም ሲሰላ ውድ ነው።

90 ግራሙስ የምንድን ነው? እሱን ደግሞ አትናገሩም። «ልዩ ቅይጥ» ብላችሁ ሦስቱን በአንድ ላይ 1,500 ሚሊግራም አድርጋችሁ ዘግታችሁታል። እንዲህ መጻፍ ሕጉ ይፈቅዳል፣ አውቃለሁ። ቅይጡ ውስጥ ያሉት ግን ከብዙው ወደ ትንሹ በቅደም ተከተል ነው የሚጻፉት፣ እናንተ ጋ የመጀመሪያው እርድ ነው። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ሽፈራው ሁለተኛ፣ ጥቁር አዝሙዱ መጨረሻ። ስለዚህ ጥቁር አዝሙዱ ከሲሶው አይበልጥም፣ አንድ ሚሊግራም ብቻ ቢሆን እንኳን ሌብላችሁ አልዋሸም ይባላል።

አንዱን ካፕሱል ከፍቼ ነጭ ሳህን ላይ ገለበጥኩት። ቢጫ ነው፣ ድፍን ቢጫ። በጣት ሲታሽ እርድ እርድ ይላል፣ ያውም የቆየ እርድ። የሽፈራው ቅጠል በጥላ ደርቆ በጊዜው ከተፈጨ አረንጓዴነቱ ይታያል፣ ሽታውም የደረቀ ጎመን ነገር ነው። ፀሐይ ሲመታው ወይም ሲቆይ ወደ ቡኒ ይሄዳል። እዚህ አረንጓዴም ቡኒም የለም። ጥቁር አዝሙዱንስ ተዉት። እኛ በድፎ ዳቦውም በበርበሬውም ስናሸተው ያደግን ሰዎች ነን፣ ትንሽ ካለ አፍንጫችን አይስተውም። እናቴ አሽትታ «ይሄማ የወጥ ቅመም ነው፣ እሱም አሮጌ» ብላ ሳህኑን መለሰችልኝ።

አፍንጫ ላብራቶሪ አይደለም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ለዚህ ነው የምርመራ ውጤት የምጠይቃችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኒው ዮርክ ዋና አቃቤ ሕግ ቢሮ ከአራት ትላልቅ መደብሮች የዕፅዋት ክኒኖች ገዝቶ በዲኤንኤ ሲያስመረምር፣ አብዛኞቹ ውስጥ ሌብሉ ላይ የተጻፈው ተክል አልተገኘም ነበር። ያኔ «ኤክስትራክት ሲወጣ ዲኤንኤው ሊጠፋ ስለሚችል ምርመራው አይበቃም» ብለው የተከራከሩ ባለሙያዎች ነበሩ፣ ክርክራቸውም ስሜት ይሰጣል። እናንተ ግን በዚህ አታመልጡም፣ የምትሸጡት ተራ ዱቄት ነው። ደግሞ እርድ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ባንግላዴሽ ውስጥ ቢጫው እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል እርሳስ ያለበት ቀለም ሲቀላቀልበት ተገኝቷል። እናንተ እርዱን ከየት ነው የምታመጡት? ከቴፒ? ከህንድ? የእርሳስ ምርመራ ተደርጎለታል? መልሱን እፈልጋለሁ።

«ኩርኩሚን እብጠትን ይቀንሳል» የሚለውን ጥናትም ቪዲዮው ላይ ጠቅሳችኋል። ኩርኩሚን እርድ ውስጥ ያለው ቢጫ ንጥረ ነገር ነው። ተራ የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በ100 ግራም ከሦስት ግራም ብዙ የሚርቅ አይደለም። 1,500 ሚሊግራሙ በሙሉ እርድ ቢሆን እንኳን 45 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ጥናቶቹ የሚሰጡት በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ነው፣ ብዙ ጊዜም በደንብ እንዲገባ ተብሎ ከቁንዶ በርበሬ ፓይፐሪን ይጨመርበታል። የሌላውን ምርት ጥናት ለራሳችሁ ዱቄት አትዋሱ።

ስለ ፎቶውም አንድ ነገር ልበል። ብልቃጡ ላይ የኮንሶ እርከን ተለጥፏል፣ ያ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበው። «ከኮንሶ ምድር» ይላል ከሥሩ። ጀርባው ላይ ግን የተጻፈው የሽፈራው ዝርያ ሞሪንጋ ኦሌይፌራ ነው። ኦሌይፌራ መነሻው የህንድ አካባቢ ነው። የኮንሶ ሰው ደጁ ላይ ተክሎ ቅጠሉን ከኩርኩፋው፣ ከእህል ዱቄት ከሚድቦለቦለው ምግቡ፣ ጋር የሚበላው ሌላ ዝርያ ነው፣ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ። ኦሌይፌራ መጥፎ ነው አላልኩም፣ ብዙ የተጠናውም እሱ ነው። ግን የኮንሶን ገበሬ ስም ይዞ ከሌላ ቦታ የመጣ ቅጠል መሸጥ ነውር ነው። የተጠቀማችሁት ቅጠሉን ይሁን ፍሬውን ወይስ ሥሩን፣ እሱም አልተጻፈም፣ መጻፍ ግን ግዴታችሁ ነው።

የምፈልገው ይኸውላችሁ። የሦስቱ ብልቃጥ 36 ዶላርና የማድረሻው ሒሳብ በተከፈለበት ካርድ ይመለስ። «የተከፈተ አንመልስም» እንዳትሉኝ፣ ሁለቱ አልተከፈቱም፣ ሦስተኛው ደግሞ ሳይከፈት ችግሩ አይታወቅም ነበር። ብልቃጡ ሥር ላለው የሎት ቁጥር፣ ለምርት ዙሩ መለያ ማለት ነው፣ የተሠራውን የምርመራ ሰርተፊኬት ላኩልኝ፤ የተክሎቹ ማንነት፣ እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶች፣ ሻጋታና ባክቴሪያ ያለበትን። የሦስቱንም ድርሻ በሚሊግራም ንገሩኝ። «በኤፍዲኤ የጸደቀ» የሚለውን ከገጻችሁ አንሱ፣ ለስልክ ሠራተኞቻችሁም ማንንም መድኃኒት አቁሙ እንዳይሉ ዛሬውኑ ንገሯቸው። ይሄኛው ለነገ አይባልም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ክፍያውን በባንክ በኩል አስመልሳለሁ፣ ቪዲዮውንና የሌብሉን ፎቶ አያይዤ ለኤፍዲኤና አሳሳች ማስታወቂያን ለሚቆጣጠረው ለኤፍቲሲ አመለክታለሁ። ቪዲዮውን ብታጠፉትም ቀድቼ አስቀምጬዋለሁ። ብልቃጦቹ እኔ ጋ ናቸው፣ መልሱልን ካላችሁ የመላኪያውን የከፈላችሁበትን ወረቀት በኢሜይል ላኩልኝና በማግስቱ ፖስታ ቤት አስገባቸዋለሁ።