የተራራ ጉዞ ክበብ፦ ውሽንፍር የሚጠብቁ ተማሪዎች

ሌሎች ክበባት ሰማይ ሲጠቁር ፕሮግራማቸውን ያራዝማሉ። የእኛ ክበብ ዘንድሮ ተቃራኒውን አደረገ። በዓመቱ መጨረሻ ተራራ ለመውጣት ስላቀድን ልምምዱም የዕቃ ፍተሻውም በዝናብና በነፋስ እንዲሆን ወሰንን። በመብረቅ ግን ቀልድ የለም፤ ብልጭታ ታይቶ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ወደ ክፍል ይገባል፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳያልፍ ማንም አይወጣም። «መምህር፣ ራቀ እኮ!» የሚሉ አልጠፉም፤ ሰዓቱ ግን አይለመንም።

አንዳንድ ወላጆች ልጆቹ ለምን እንደሚበሰብሱ ጠይቀውናል። ግቢ ውስጥ የበሰበሰ ልጅ ወዲያው ደረቅ ልብስ ይቀይራል። ተራራ ላይ ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። እርጥብ ልብስና ነፋስ ከተጨመሩበት፣ በረዶ በሌለበት እንኳ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መንቀጥቀጥን፣ መንተባተብንና መደናቀፍን አንዱ በሌላው ላይ መከታተል ተለማምደዋል።

ጃኬቶቹ ብዙ አከራከሩን። «ያፈሳል» ተብለው የተመለሱትን ቧንቧ ስር ስንፈትሻቸው አብዛኞቹ ጤነኛ ሆነው ተገኙ፤ ልጆቹን ያበሰበሳቸው ዳገት ላይ ያላቡት የራሳቸው ላብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳገት ከመጀመሩ በፊት አንድ ልብስ ይወልቃል፣ ሲቆም ወዲያው ይደረባል። የጥጥ ልብስ ውኃ ይዞ ስለሚቀር ከዝርዝራችን ወጣ፤ ሱፍ እርጥብ ሆኖም በመጠኑ ስለሚያሞቅ ቀረ። የቦርሳ ልባሶቹ በነፋስ ተገልብጠው ሲበሩ፣ ዕቃውን ቦርሳው ውስጥ በወፍራም ፌስታል መጠቅለሉ የተሻለ ሆኖ አገኘነው።

ከሁሉም ያስተማረን ግን የእጅ ነገር ነው። ክፍል ውስጥ ድንኳን በመትከል ማንም የማይቀድማቸው ተማሪዎች በውሽንፍር ጊዜ ጣታቸውን ቆፈን ይዞት አውታር መፍታት አቃታቸው። ዚፕ አልያዝ አለ። አንዷ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በጥርሷ ከፈተችው፤ ብልሃቱን ባደንቅም አልፈቀድኩትም። በማግስቱ በየዚፑ ላይ ገመድ አሰርን፣ አውታሮቹን አስቀድመን ቋጠርን፣ ጓንት ባጠለቀ እጅ የማይከፈት ዕቃ ሁሉ እስኪስተካከል ድረስ ቦርሳ ውስጥ እንዳይገባ ከለከልን። ዕቃ በደረቅና በሞቀ እጅ ከተሞከረ፣ በእኔ እምነት፣ አልተሞከረም።

ታላላቆቹም እንዲህ ነው የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1953 ሁለት አባላቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የኤቨረስት ጫፍ ላይ የደረሱለት የብሪታንያ ቡድን፣ በዲሴምበር 1952 ስዊዘርላንድ ውስጥ ዩንግፍራውዮክ በተባለ በረዷማ የተራራ ቦታ ላይ ዕቃውን በብርድ ፈትሿል። ያም ሆኖ ከሁለቱ አንዱ ኤድመንድ ሂላሪ ጫፉ ላይ በደረሰበት ቀን ጧት፣ ከድንኳን ውጭ ያደረው ጫማው በብርድ ደርቆ ጠበቀው፤ በምድጃ ለማለስለስም ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀበት። ይህን ታሪክ ከሰሙ በኋላ ተማሪዎቻችን ጫማቸውን በፌስታል አድርገው ድንኳን ውስጥ አስገቡ። ሽታውን ለመቋቋም ሌላ ልምምድ አስፈልጎናል። በብርድ ቶሎ የሚደክሙት የባትሪ ድንጋዮችም ከስሊፒንግ ባጉ ውስጥ አብረው ማደር ጀመሩ።

ተራራውን የወጣነው በጠራ ሰማይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለዝናብ የተዘጋጁት ልጆች ጃኬታቸውን ከቦርሳ ሳያወጡ በመመለሳቸው ቅር አላቸው፤ ከፍታው ላይ የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታም የብዙዎቹ አፍንጫ ተልጧል። ጫፉ ላይ ግን አንዱ ቡድን ማንም ሳያዘው ጓንት አጥልቆ ድንኳን ሲተክል አየሁ። «ለምን?» ብላቸው «ሰዓት እየያዝን ነው» አሉኝ።

በመጪው ዓመት የሌሊት ልምምድ እንጨምራለን። ለትንንሽ እጆች የሚሆን ጓንት ያጥረናል፤ የጠበበው ጓንት ያለው ተመራቂ ለክበቡ ቢተውልን እንቀበላለን።