ለያማኮሺ አንድ ኩሬ የድጋፍ ጥሪ

ወገኖች፣ መዋጮ ልጠይቃችሁ ነው። ያውም ለሰው አገር እርከን። ቅር ያለው ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብና ይወስን።

ያማኮሺ በጃፓን ኒጋታ ግዛት፣ ተራራ ላይ ያለ መንደር ነው። «ነበር» ብል ይሻላል፤ ከኤፕሪል 1 ቀን 2005 ጀምሮ በወረቀት የናጋኦካ ከተማ አካል ሆኗል። ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 23፣ ለምሽቱ 12 ሰዓት 4 ደቂቃ ጉዳይ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ። 6.8 ነበር። ተራራው ተንዶ መንገዱን ሁሉ ቆረጠው። ወደ 2,200 የሚጠጋ ሰው በሄሊኮፕተር ወደ ከተማው ወረደ። በሬዎቹም በኋላ የወጡት በሄሊኮፕተር ነው። ውህደቱ ቀድሞ የታሰበ ቢሆንም፣ መንደርነቱ ከመዝገብ የወጣው ሰው መጠለያ ውስጥ እያለ ነው። እስከ 2007 መጨረሻ ብዙዎቹ ተመለሱ።

ጃፓኖች ኒሺኪጎይ የሚሏቸው ባለቀለም ጌጠኛ ዓሦች መነሻቸው እዚህ ነው። ገበሬው ለክረምት ምግብ ብሎ በእርከን ኩሬ ካርፕ የሚባል ዓሣ ያረባ ነበር። አንዳንዱ ቀለም ይዞ ሲወለድ እሱን እየለየ አራባ።

ሰዎቹ ደቦ ያውቃሉ። ኮማትሱኩራ የምትባለው ሰፈር ወደ ሐኪምና ገበያ የሚወስደው መንገድ በበረዶ ሲዘጋባት፣ ነዋሪዎቿ በ1933 ተራራውን በዶማ መብሳት ጀመሩ። ጦርነት አቋርጧቸው በ1949 ጨረሱት። ከ870 ሜትር በላይ ዋሻ! ግድግዳው ላይ የዶማው ምልክት ዛሬም ይታያል።

በ2021 መጨረሻ ደግሞ የዓሣ ምስል በኤንኤፍቲ (ኢንተርኔት ላይ በሚሸጥ ዲጂታል የባለቤትነት ማረጋገጫ) ሸጠው «ዲጂታል መንደርተኞች» መለመሉ። እኔ ኤንኤፍቲ አይገባኝም። የምለምነው ለጭቃ ነው።

ናጋኦካ አካባቢ ያለን ስድስት ሐበሾች ሩዝ ተከላ ላይ አንድ ባልና ሚስት እናግዛለን። አዲስ በመጣሁበት ክረምት መኪናዬን ከበረዶ ቆፍረው ያወጡልኝ እነሱ ናቸው። ዘንድሮ የኩሬያቸውን ክትር ፍልፈል በስቶት ውሃው በአንድ ሌሊት አለቀ። አዛውንቱ ቀዳዳውን በተረከዛቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉና «በቃ፣ ይሄን እንተወው» አሉ። የተተወ ኩሬ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጭቃው ደርቆ ይሰነጠቃል፤ የበረዶ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፤ ከዚያ ከታች ያሉትን ሁለት የሩዝ እርከኖች ይዞ ይናዳል።

የሚያስፈልገን 350,000 የን ነው። 200,000ው ለትንሽ ስካቫተር ኪራይና ማጓጓዣ፣ ቀሪው ለቱቦ፣ ለሸክላ አፈርና ለነዳጅ። ጉልበቱ የኛ ነው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ፣ በረዶ ሳይጥል ማለቅ አለበት፤ እዚያ በረዶው ሦስት አራት ሜትር ይቆለላል።

1,000 የንም ትሁን በደስታ እንቀበላለን። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አካውንቱን እልካለሁ። ደረሰኙን ሁሉ ግሩፑ ላይ እለጥፋለሁ። ከተረፈ ለሚቀጥለው ዓመት ክትር ይቀመጣል።

ብር ያጠረው ቦቲ ጫማ ይዞ ይምጣ። ምሳ በእማማ ነው። በርበሬ መሸከም አያስፈልግም፤ ካጉራ ናምባን የሚሉት የመንደሩ ቃሪያ አለ። አትናቁት፣ እኔ ንቄው አልቅሻለሁ።