አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አትፈርሚ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሐይቅ ከተማችን ሰሞኑን ብርድ ነው። ላሚቱ ወልዳለች።

ትናንት አክስትሽ ደወለች። መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ አወራች፤ ቀጥላ ስለ በርበሬ ዋጋ። ልትዘጋው ስትል ነው፣ "ልጅሽ ሰሚት አፓርታማ ልትገዛ ነው፣ ቅዳሜ ትፈርማለች" ያለችኝ። ለእሷ ነግረሽ እኔን መዝለልሽን ይቅር ብዬሻለሁ። ግን አትፈርሚ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ አትፈርሚ፤ ከጨረስሽም በኋላ አትፈርሚ።

ማታ በቴሌግራም የላክሽልኝን ውል መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ይላል። ቤቱ ገና መሠረት ላይ ነው። ቀሪው ክፍያ በየስድስት ወሩ ነው። ከታች ደግሞ በቀጭኑ፣ የዶላር ምንዛሪ ከጨመረ ቀሪው ዋጋ አብሮ ይስተካከላል የሚል አለበት። አንቺ ደሞዝሽን በዶላር ነው እንዴ የምትቀበይው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 "እማ፣ ዶላር ተለቀቀ" ብለሽ የደወልሽልኝ አንቺው ነሽ። 57 ብር ገደማ የነበረው በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አለፈ። ደሞዝሽ በዚያው ልክ አለፈ?

ምክንያትሽን አክስትሽ ነግራኛለች። ነገሩ ሁሉ እየተበላሸ ነው፣ ብሩ ዋጋ ሳያጣ ቤት ላይ ላሳርፈው ብለሻል። ሐሳብሽ የሞኝ አይደለም። ብር ታቅፎ መቀመጥ እንደማያዋጣ እኔም አይቻለሁ። ያልተሠራ ቤት ግን ቤት አይደለም። ለሠሪው ያበደርሽው ብር ነው። ተበዳሪው ቢያቅተው ምን ይዘሽ ትቀሪያለሽ? ቤቱ እስኪያልቅ ካርታው በማን እጅ ነው የሚቆየው? ውሉ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

ይኼ የካርታ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የእኔ ፓስፖርት አሥራ አንድ ዓመት ቤሩት ያሠራችኝ የማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፣ ታውቂያለሽ። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነበር። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ሁሉም እንደዚያ ያደርግ ነበር፣ እኔም ለመድኩት። መውጣት ባላስፈለገሽ ቀን ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ትዝ አይልሽም።

ቤሩት ስገባ አንድ ዶላር 1,507 ሊራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አልተነቃነቀም ይሉ ነበር። ሱቅ ገብተሽ ግማሹን በዶላር ግማሹን በሊራ ትከፍያለሽ፣ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም። ከዚያ ጥቅምት 6 ቀን 2012 ማታ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዋትሳፕ ላይ ቀረጥ ሊጣል ነው ተብሎ ነው ሲሉኝ ሳቅኩ። ባንኮቹ ሁለት ሳምንት ያህል ዘጉ። ሲከፍቱ ለሰው የገዛ ገንዘቡን እየቆነጠሩ ይሰጡት ጀመር። ደብተር ላይ ዶላር አለሽ፤ እጅሽ ላይ የለም። ራሳቸው ሊባኖሶቹ ለዚህ የወረቀት ዶላር "ሎላር" ብለው ስም አወጡለት።

የእኔም 3,600 ዶላር እዚያው ውስጥ ነበር። የሁለት ዓመት ደሞዜ ነው፣ በወር 150። "ቤት ከሚቀመጥ ከእኔ ገንዘብ ጋር ባንክ ይቀመጥልሽ" ማዳም ብላኝ አመስግኜ ነው የሰጠኋት። ልመጣ ስል እያለቀሰች ሰጠችኝ፣ ግን ባንክ ለእሷ በሰጣት ሒሳብ፣ አንዱን ዶላር በ3,900 ሊራ። ውጪ ላይ ዶላር የሚገዛው 8,000 አካባቢ ነበር። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፣ አስቢው። ግማሹ እንኳ አልደረሰልኝም።

ፎቁን ልንገርሽ። እኛ ሰባተኛ ላይ ነበርን። ባሕሩ ወለል ብሎ ይታያል፣ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቀው ነው። የመንግሥት መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ጄኔሬተር ይተካል፣ በወር ይከፈላል። ናፍጣ ሲጠፋ የጄኔሬተሩ ሰውዬ ሰዓት ቆረጠ። ሊፍቱ ቆመ። ፓምፑም ቆመ። ፓምፕ ከቆመ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃውን ሰባት ፎቅ ድረስ ማን ያወጣው ይመስልሻል? ጉልበቷን የሚያማት አክስትሽን ብቻ እንዳይመስልሽ። አንቺ ያንን የሚያምር ሥዕል ስትልኪልኝ እኔ የታየኝ ደረጃው ነው። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ረሳሽው?

የማዳም እናት ቴታ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በደጉ ዘመን ማዳም በዓመት ሁለት ጊዜ ሄዳ ታያቸዋለች፣ ስትመለስ ጫማዋን ታስጠርገኛለች። ቴታ በጋውን ሙሉ "ሙኔ" ይሠራሉ። የክረምት ስንቅ ማለት ነው። በጨው የተነከረ ወይራ፣ የደረቀ በለስ፣ ድልህ፣ ቡርጉል፣ እርጎና ቡርጉል አብሮ ቦክቶ፣ ደርቆ የሚፈጨው ኪሽክ። ጓዳቸው ውስጥ ስገባ የእማማ ጓዳ ትዝ እያለኝ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ልጆቻቸው "ይኼን ሁሉ ማን ይበላዋል" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። በዚያ ዓመት ማዳም በየሳምንቱ መኪናዋን እያስነሳች ወደ ቴታ። ወንድሟም፣ የወንድሟም ሚስት። ቴታ አንድም ቀን "አላልኳችሁም?" አላሉም። ማሰሮውን እየከፈቱ ይቀዱላቸዋል። ሲቀዱ ግን ቀስ ይሉ ነበር።

እኛስ? የእኛ መንደር ባሕር ማዶ ነው፣ ኤርፖርቱ በኮሮና ተዘግቷል። ሰኔ ላይ ሐዝሚዬ፣ ቆንስላችን ደጃፍ፣ አሠሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው ከነሻንጣቸው የጣሏቸውን ልጆች በዓይኔ አይቻለሁ። አስፋልት ላይ ፍራሽ አንጥፈው ያድራሉ። አንዷ የደሴ ልጅ ነበረች፣ ስምንት ወር ደሞዝ ያልተከፈላት። ስለ ቤሩት ወደብ ፍንዳታ አልነግርሽም። ሌላ ቀን።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር ግን አለ። መስከረም 2012 ኮንትራቴ አልቆ ነበር። ልመጣ ነበር። አብራኝ የነበረችው የኮምቦልቻዋ ልጅ "ነገሩ አላማረኝም፣ አብረን እንሂድ" ብላ ለመነችኝ። ማዳም በወር 50 ዶላር እጨምርልሻለሁ አለች፤ ቀረሁ። ዶራ ሰፈር እሑድ ቀን ነው የተሰነባበትነው። ከዚያ አንድ ወር አልሞላም አገሩ ሲናወጥ። ግንቦት ላይ እማማ ሞተች። ማን እንዳጠባት፣ ማን እንደገነዛት በስልክ ነው የሰማሁት። አንቺ ነሽ ከጎኗ የነበርሽው፣ በሃያ ዓመትሽ። የእኔን ቦታ ነው የያዝሽው። 50ዋን ዶላር አንድ ጊዜ እንኳ አልተከፈልኳትም። እንዲያው ቢከፈለኝስ ኖሮ?

እንግዲህ አትፈርሚ።

"ታዲያ ሐይቅ ልግባ?" ትይኝ ይሆናል። እሱንም አላልኩም። ገጠር ያድናል የሚል ሰው ሰባ ሰባትን አያውቅም። አባቴ በሬዎቹን ትቶ ላለመሄድ ቆየ። እህል ሲጠፋ ከብት ይረክሳል። ሁሉም የሚሸጠው ከብት ነው፣ ሁሉም የሚፈልገው እህል። በየገበያው በሬው እየወረደ፣ ማሽላው እየወጣ፣ መጨረሻ ላይ የበሬ ዋጋ ለሳምንት እንኳ አላበላንም። ቀድመው ሸጠው ወደ አስፋልቱ የወረዱት ጎረቤቶቻችን ቤተሰባቸውን ይዘው ተረፉ፣ ርዳታ በመንገዱ ዳር ነበርና። እኛ ዘግይተን ወረድን። ታናሽ ወንድሜን የት እንደቀበርነው ታውቂያለሽ፣ አሳይቼሻለሁ። አባቴ እስኪሞት የሚያነሳው እሷን ነበር፦ "በሬዎቹ አሰሩኝ።"

ይኼም ቤቴ ቢሆን አልጋ በአልጋ አይደለም። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሲመጣ ቆልፈን አልነበር የወጣነው? መብራት የለ፣ ባንክ የለ፣ ስልክ የለ። ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ድስት እንኳ አልተውልኝም። ግን ዕዳ የለበትም ነበር። ማንም መጥቶ "የዚህን ወር ክፈይ" አላለኝም። ማድጋ ገዛሁ፣ በሩን አስጠገንኩ፣ ገባሁ።

ደብረ ብርሃን ሦስት ሌሊት አድረን አንቺ ጋ ስንመጣ ማን ነበር በሩን የከፈተልን? ያቺ የኮተቤ አከራይሽ። እኔን፣ አክስትሽን፣ ሁለቱን ልጆች ሳሎኗ ላይ አንጥፋ ሁለት ወር አኖረችን። ለአንዲት ቀን ኪራይ አላነሳችም። ጠዋት ጠዋት "ወሎዬዋ፣ ቡና አፍይልን እንጂ" ትለኝ ነበር፣ እንግድነት እንዳይሰማኝ ብላ። ያንን ግቢ ነው አሁን ለቀሽ የምትወጪው። ጠባብ ነው፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ጣሪያው ሐምሌ ላይ ያፈሳል። አውቃለሁ። ግን መሬት ላይ ነው፣ ሮቶ አለው፣ ግቢው ውስጥ ጎመን ይበቅላል፣ ሴትየዋ ስምሽን ታውቃለች። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር የምትገጥሚው ጎረቤት ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?

እና ቤት አትግዢ አላልኩሽም። ያለቀ ይሁን። ካርታው በሻጩ ስም ያለ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ሄደሽ ራስሽ ያጣራሽው። ጀሪካን ተሸክመሽ ልትወጪው የምትችይው ይሁን፣ ከሁለተኛ ፎቅ አይለፍ። ትንሽ ቢሆን ምን አለበት፣ እኔና እማማ አንቺን ጨምረን አንዲት ክፍል አልነበርን? ካልደረሰሽ ቆይ። ብሩ ይቀንሳል ትያለሽ። ይቀንስ። የቀነሰ ብርና የሌለ ብር አንድ አይደለም።

እስከዚያው ይኼን አድርጊ። የጤፉን ነገር በየወሩ ከመሸመት ከሴትየዋ ጋር ሆነሽ ኩንታል ግዙ። ሁለተኛ ሲሊንደር ይኑርሽ፣ የመጀመሪያው ሲያልቅ የምትቀይሪው። ከሰልም ትንሽ አይጥፋሽ። ሁለት ጀሪካን ውሃ ሁልጊዜ ሞልተሽ አስቀምጪ፣ ቧንቧው ቢመጣም ባይመጣም። የተወሰነ ብር ጥሬውን ቤት አድርጊ፣ ሁሉንም ቴሌብር ላይ አታድርጊው። ፓስፖርትሽን አድሺ፤ ለመሄድ አይደለም፣ በእጅሽ ይሁን ብዬ ነው። እድሩ ውስጥ ግቢ። "ላጤ ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል" አትበይኝ። የሴትየዋ እድር ነው፣ እሷ ታስገባሻለች። ልቅሶ ቤት ሂጂ፣ ድንኳን ሲተከል ቁሚ፣ ሰው ይወቅሽ።

ደግሞ ቁርስ አትዝለዪ። ድምፅሽ ቀጥኗል።

ቅዳሜ እፈርማለሁ ብለሽ ለሰዎቹ ቃል ሰጥተሽ ከሆነ በእኔ አሳቢ። "እናቴ አሟታል" በያቸው። ውሸትም አይደለም፣ ከትናንት ጀምሮ ራሴን ይዞኛል። ቅድሚያ ክፍያ የሚባለውን እንዳትሰጪ። "ቦታ መያዣ" ብለው ትንሽ ብር ቢጠይቁሽም እንዳትሰጪ። እስክሪብቶም አትያዢ። አርብ ማታ ከሥራ ስትወጪ ደውይልኝ፣ እጠብቃለሁ፣ ስልኩን ቻርጅ አድርጌ አጠገቤ አስቀምጣለሁ።

ለዚያ ለአውቶቡሱ ልጅ በርበሬና ትንሽ ማር ሰጥቼዋለሁ፣ ነገ ማታ ላምበረት መናኸሪያ ይደርሳል። በርበሬውን ፀሐይ አስነኪው፣ ትንሽ እርጥበት አለው። ማሩ ያለበት ቆርቆሮ የእማማ ነው፣ ያኔ በሰባ ሰባት የርዳታ ዘይት የመጣበት። ክዳኑ ስለማይገጥም ጨርቅ አስሬበታለሁ። ማሩን ገልብጠሽ ቆርቆሮውን በዚያው ልጅ መልሺልኝ፤ እፈልገዋለሁ።

እናትሽ
ከሐይቅ