ፀሐይዋ የት ናት? የዲጂታል ስዕል ክበብ የ2015 ዓ.ም. ዘገባ

ባለፈው እትም ለክበባችን የተሰጠችው ሩብ ገጽ ነበረች፤ እሷም ከስፖርት ክበብ ፎቶ ሥር ተወሽቃ። ዘንድሮ ሰፋ ያለ ቦታ ስጠይቅ ከአዘጋጆቹ አንዱ «ምን ሠራችሁና?» አለኝ። በእጃችሁ የያዛችሁትን መጽሔት ሽፋን መልሳችሁ እዩት። ግንቡንም፣ ከግንቡ በላይ ያለውን የመልአክ ፊትም፣ የትምህርት ቤታችንን ስም ፊደላት ሳይቀር የሠሩት የክበቡ ልጆች ናቸው። ከኢንተርኔት የወረደ አንድ መስመር የለበትም።

በአይሲቲ ክፍሉ በር የሚያልፉ ባልደረቦቼ «ጌሙ እንዴት ይዟችኋል?» ይሉኛል። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፣ አልቀየምም። ቢሆንም ስለምንሠራው ነገር ትንሽ ልበል። በስልካችን የምናነሳው ፎቶ በጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች የተሞላ ስለሆነ ሲያተልቁት ይደበዝዛል። እኛ የምንሠራው የቬክተር ስዕል ግን የመስመር ስሌት ነው፤ ለደረት ባጅ የተሠራው ፋይል የግድግዳ ባነር ቢሆን ጠርዙ ያው ነው። ታዲያ ይህ ጥቅም ዋጋ አለው። በእርሳስ ሲሆን ወረቀቱን በጣት አሸት አድርጎ ጥላ ማውጣት ይቻላል። እዚህ ጥላው ራሱ ቅርጽ ሆኖ መቆረጥ አለበት፤ ቀለሙ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ ልጁ ራሱ ይወስናል። የምንጠቀምበት ኢንክስኬፕ የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ትምህርት ቤቱን አንድ ብር አላስወጣም። ይህ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።

ስብሰባዎቹን አላስረዝምባችሁም። ጥቅምት ላይ በ19 አባላት ጀመርን፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመረጡ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ረቡዕ ረቡዕ ተገናኘን። ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በኋላ 14 ቀረን።

የመጀመሪያው መንፈቅ ያለቀው በአንዲት ጀበና ላይ ነው። ከወለቃ የተገዛች ጥቁር የሸክላ ጀበና መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥንና «ሳሏት» አልኩ። በአንድ ወገን ነጭ፣ በሌላው ጥቁር፣ በመካከሉ ግራዲየንት (ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ በቀስ የሚሸጋገር ቀለም) አደረጉ። የወጣው አመድ የተነሰነሰበት ድንች ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ማውስ ከመንካቱ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «ፀሐይዋ የት ናት?» ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ያላወቀ ልጅ ጥላውን የትም ነው የሚለጥፈው። ክብ ነገር ላይ ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ ቀጥሎ የዕቃው የራሱ ቀለም፣ ቀጥሎ በጣም የጨለመው ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ሰው ልብ አይለውም፤ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ከጠረጴዛው በሚንጸባረቀው ብርሃን መልሶ ትንሽ ይፈካል። ልጆቹ ግራዲየንቱ ላይ አንድ ቀለም ጨምረው ያችን ቀጭን ፍካት ሲያስገቡ ጀበናዋ ድንገት ሆድ አወጣች። ጩኸቱን ሰምተው ርዕሰ መምህሩ መጥተው ነበር። ጀበና መሆኗን ሲያዩ ተመለሱ።

ከዚያ ወደ ፐርስፔክቲቭ፣ ማለትም ርቀትን በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ወደ ማሳየቱ ገባን። ፕሮግራሙ ሳጥን መሥሪያ አለው፤ መስመሮቹ በሩቅ የሚገናኙበትን ነጥብ ይዘው ሲጎትቱት ሳጥኑ አብሮ ይዞራል። ልጆቹ ወደዱት፣ አበዙትም። በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት የመገናኛ ነጥቦች ስለሚያቀራርቧቸው የሠሩት ቤት ሁሉ ማዕዘኑ እንደ መጥረቢያ ስለት ወደ ተመልካቹ ይወጣል። ነጥቦቹን ከገጹ ውጭ አርቋቸው ብል የሚሰማኝ አጣሁ።

ስለዚህ ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እርሳስና ወረቀት አስይዤ ወደ ፋሲል ግቢ ወሰድኳቸው። የጎንደር ልጅ ፋሲል ግቢ ምን አዲስ ነገር ያያል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። ለካ ከ14ቱ ግንቡን ቆሞ ያየው የለም፤ ሁሉም በአጠገቡ ሲያልፍ ነው ያደገው። 32 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ግንብ ከሥሩ ተቀምጠው የሳሉት ጫፉ ጠቦባቸው፣ ማዕዘኑ ሾሎባቸው አንድ ባንድ ወረቀታቸውን ቀደዱ። ወደ ኋላ ራቅ ብለው የተቀመጡት ግን ረጋላቸው። ስክሪኑ ላይ ነጥቦቹን ማራቅ ከግንቡ መራቅ ማለት እንደሆነ ያኔ ገባቸው፤ እኔ ለሁለት ወር ያልቻልኩትን ግንቡ በአንድ ጠዋት አስተማራቸው።

በየማዕዘኑ ያሉት ክብ ማማዎች ደግሞ ለብቻቸው ትምህርት ናቸው። በዓይናችን ልክ ያለው የድንጋይ ረድፍ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ከፍ ባለ ቁጥር እንደ ቀስተ ደመና እየጎበጠ ይሄዳል። ማማው ልክ እንደ ጀበናዋ አንገት ቀጥ ያለ ግራዲየንት ይበቃዋል፤ እንቁላል ግንብ ያሰኘው ጉልላት ግን ክብ ግራዲየንት ይፈልጋል፣ እምብርቱም ወደ ፀሐይዋ መሳብ አለበት። አንድ ልጅ ደግሞ ግድግዳው ላይ የወደቀው ጥላ ጥቁር ሳይሆን ወደ ሰማያዊ እንደሚያደላ አየ። የሰማዩ ብርሃን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥላን በጥቁር የሚሠራ አባል የለንም።

ሰዓት ስለተረፈን፣ በዕቅድ ያልነበረ ቢሆንም፣ በእግራችን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ድርቡሽ ሊያቃጥለው ሲመጣ የንብ መንጋ አባረረው የሚባለውን ታሪክ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ልጆቹ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች መቁጠር ጀመሩ፤ ቁጥራቸው ግን አልገጥም አለ።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለችን። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን የምሰማው ስም ስጠራ ብቻ ነበር። አንገቷን ወደ ኋላ ቀልሳ ብዙ ከቆየች በኋላ ጠጋ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ይመስለኛል፣ «ቲቸር፣ እዚህ ፀሐይዋ የት ናት?» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ፊታቸው ላይ ለስለስ ያለ ጥላ አለ፤ ከግራ ወይም ከቀኝ የሚመጣ ብርሃን ግን የለም። አንዱም በጎረቤቱ ላይ ጥላ አልጣለም። ጥቅምት ላይ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ጥላ ያልወደቀበት ስዕል አላለቀም» ብዬ የጻፍኩት ትዝ አለኝ። እሷም አልረሳችውም ኖሯል፤ «ታዲያ ይሄ አላለቀም?» ስትል ጨመረችልኝ።

መልስ አልነበረኝም። በቤተ ክርስቲያን ስዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ርኩስ መንፈስ በጎን በአንድ ዓይኑ እንደሚሳል ከልጅነቴ አውቃለሁ። ሠዓሊዎቹ ዓይን ያየውን ለመቅዳት እንዳልተቀመጡ፣ የሚያስቀድሙት ሌላ ነገር እንደነበራቸው አውቃለሁ። ያወቅሁትን ግን ከራሴ ትምህርት ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው ረቡዕ ያን ዓረፍተ ነገር እንደገና ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና በፊታቸው ሰረዝኩት።

የሽፋኑ ስዕል በዋናነት የእሷ ነው። ግንቡ ከግራ በሚመጣ የጠዋት ፀሐይ፣ ከነጥላው ከነፍካቱ ተሠርቷል። መልአኩ ላይ ግን አንድም ግራዲየንት የለም፤ ደልዳላ ቀለምና ጥቁር መስመር ብቻ ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ «መልአኩን መጨረስ ረሳችሁ እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። አልረሳችም።

ያልተሳካልንንም ልናገር። ለስፖርት ቀን የሠራነው ባነር ከማተሚያ ቤት ሲመለስ ጥላዎቹ ጥቁር ሳጥን ሆነው ነበር። ብለር ያደረግንበት (ጠርዙን ያደበዘዝንበት) ፋይል በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል አላሰብንም፤ ወደ ምስል ቀይረን መላክ ነበረብን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ብለር ሌላም ጣጣ አለው፤ ኮምፒውተሮቻችን ሁለት ሦስት ቦታ ብለር ሲደረግባቸው ደርቀው ይቀራሉ። ልጆቹ በዘዴ አለፉት፤ አራት ስስ ቅርጾችን አንዱን ባንዱ ላይ እየደራረቡ ለስላሳ ጥላ ያወጣሉ። በዘዴያቸው እኮራለሁ፤ ዘዴ የሚያስፈልጋቸው ግን የማሽኖቹ ዕድሜ ከእነሱ ስለሚጠጋ ነው። 11 ኮምፒውተር ለ14 ልጅ፣ ከ11ዱም ሦስቱ ማውስ የላቸውም። መብራት የጠፋባቸውን ረቡዖች መቁጠር ትቻለሁ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ስድስት ማውስ፣ ለጥቂት ማሽኖች ሜሞሪ፣ መብራት ሲጠፋ ሥራ አስቀምጦ ለመዝጋት የሚያበቃ አንድ ዩፒኤስ። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት) ለመጪው ዓመት በጀት ሲይዝ ያስበን፤ በውጭ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችንም ቤታችሁ ውስጥ አቧራ የሚጠጣ የስዕል ታብሌት ካለ ወደዚህ ላኩት። ሥራውን ማየት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፤ ረቡዕ ከቀኑ በ9 ሰዓት በሩ ክፍት ነው፣ መብራት ካለ።