የተረጂ ፊት የእርዳታ ደረሰኝ አይሁን

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በእርዳታ ዜናዎች ላይ የተረጂዎችን ክብር ስለማስጠበቅ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዓል በመጣ ቁጥር በየጣቢያው የሚተላለፍ አንድ የዜና ዓይነት ስለሚያሳዝነኝ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለዒድ፣ ማዕድ ማጋራት በሚል ስም አቅመ ደካማ የተባሉ እናቶችና አባቶች ይሰበሰባሉ፤ ስማቸው እየተጠራ ይወጣሉ፤ ዘይቱን ወይም ዱቄቱን ከሰጪው ጋር እንደያዙ ፎቶው እስኪነሳ ይቆማሉ፤ ከዚያም ማይክሮፎን ተደቅኖባቸው እንዲያመሰግኑ ይጠየቃሉ። ትምህርት ሊከፈት ሲል ደግሞ ደብተርና ቦርሳ የሚቀበሉ ሕፃናት ተራ ይሆናል።

መስጠቱን አልቃወምም። ኑሮ እንዲህ በከበደበት ጊዜ አምስት ሊትር ዘይት ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሰጠም ይባረክ። ነገር ግን ዘይቱ በጥቂት ሳምንታት ሲያልቅ ምስሉ በፌስቡክና በዩቲዩብ ለዓመታት ይቆያል። በሠፈራችን እንጀራ ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት፣ የልጅ ልጃቸውን ጓደኞቹ «አያትህ በቲቪ ሲለምኑ አየናቸው» ስላሉት፣ በተከታዩ በዓል አልመዘገብም ብለው ቀርተዋል። እኚህ እናት አልለመኑም፤ ተጠርተው ነው የሄዱት።

ካሜራ ሕይወት ሊያተርፍ እንደሚችል አገራችን ታውቃለች። በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ለዓለም ያሳወቀው የቴሌቪዥን ምስል ነበር፤ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ሲታይም እርዳታ ከየአቅጣጫው ጎርፏል። እነዚያ ምስሎች ግን ሥልጣን ላይ የነበሩት ሰዎች ሊሸሽጉት የፈለጉትን ረሃብ ያጋለጡ ነበሩ። የዛሬው የማዕድ ማጋራት ዜና የሚያጋልጠው ነገር የለም። ዕድሜያቸውን በሙሉ በቀን ሥራ፣ በጉልትና በሰው ቤት የደከሙ ሰዎች በስተርጅና ያለ ጡረታ ለምን እንደቀሩ አይጠይቅም፤ የሰጪው ስምና ማዕረግ ግን አንድም ሳይጎድል ይነበባል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 የማንኛውንም ሰው ክብርና መልካም ስም ያስከብራል፤ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ የእነርሱ ጥቅም እንዲቀድም ያዝዛል፤ የፕሬስን ነፃነት የሚደነግገው አንቀጽ 29 ራሱም ለወጣቶች ደኅንነትና ለሰው ክብር ሲባል ሕጋዊ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ የምጠይቀው ጋዜጠኞችን የሚያፍን አዲስ ነገር አይደለም። በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በተሰጣችሁ ሥልጣን፣ የተረጂ ሕፃናት ፊት ጨርሶ እንዳይታይ፣ የአዋቂዎችም ፊት ያለ ነፃ ፈቃዳቸው እንዳይተላለፍ ለጣቢያዎች ግልጽ መመሪያ እንድትሰጡ ነው።

ፈቃድ ስል አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። ዘይቱ ገና በሰጪው እጅ ሳለ «ትቀረጻላችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ ችግረኛ እንዴት አድርጎ እምቢ ይላል? ጥያቄው መቅረብ ያለበት ስጦታውን ከተቀበለ በኋላ፣ ሰጪው በሌለበት፣ እምቢ ቢል ምንም እንደማይጎድልበት ተነግሮት ነው።

ምስሉ ለለጋሾች ማስረጃ ነው የሚሉ አሉ። በእድሮቻችን ግን ለሐዘንተኛ የሚሰጠው ገንዘብ በዳኛውና በጸሐፊው በኩል በፊርማ ይረከባል፤ ሒሳቡም ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል፤ የሐዘንተኛውን ፊት ማንም አይቀርጽም። ቴሌቪዥኖቻችን ስለ እርዳታ ሊዘግቡ ከፈለጉ የገባውንና የወጣውን መጠን፣ የተረጂዎቹን አመራረጥ፣ የኦዲቱን ውጤት ይጠይቁልን። ይህ ዜና ነው፤ የማንንም እናት አያሳፍርም።

ይህን መመሪያ ማውጣት ይቻል እንደሆነ፣ እስኪወጣም ድረስ የተላለፈው ምስላቸው እንዲወገድላቸው የሚፈልጉ ሰዎች አቤቱታቸውን በየትኛው የሥራ ክፍል በኩል እንደሚያቀርቡ፣ ለሕዝብ በይፋ እንድትገልጹልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ